ከልጇ አርባ አንድ ደቂቃ ኋላ

ሲዛኬሌ ዞንዶ ሥራሽ ምንድን ነው ስትባል «ሰው ለቅሶ አደርሳለሁ» ትላለች። ሰሚው ሹፌር ትመስለዋለች፣ እሷም አታርመውም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መምጣት ያልቻለ ዘመድ ባለበት ሆኖ ቀብሩን በስልክ እንዲከታተል በቀጥታ ታስተላልፋለች።

በደርባን ዙሪያ፣ በተለይ በኡምላዚ፣ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ብዙ ነው። ከሷ የተሻለ ካሜራ ያላቸው አሉ። መቃብሩን ከላይ የሚቀርጽ በራሪ ነገር የገዙም አሉ፤ ሳጥኑ ሲወርድ ያ ነገር ከአናት በላይ እንደ ንብ ሲጮህ ሰው አንጋጦ እሱን ያያል እንጂ ማን ያለቅሳል? ሲዛኬሌ ያላት ሦስት ስልክ፣ አንድ ቦርሳ ባትሪ፣ በመኪና ጣሪያ ላይ በማግኔት የምትለጠፍ አንቴና፣ እና ሹፌር የሚያስፈራ አፍ ነው። ቢሆንም ሬሳ ከከተማ ወደ ገጠር የሚወስድ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚደውለው ለሷ ነው። ቆሞ ማስተላለፍ ማንም ይችላል። እየሄዱ ማስተላለፍ ነው ጉዱ።

በሚሄድ መኪና ውስጥ ኔትወርክ የአማት ፀባይ አለው። ቅድም ፈገግ ያለው አሁን ያኮርፋል። ስልኩ ከአንዱ ማማ ክልል ወጥቶ ሌላው እስኪቀበለው ድረስ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጀማሪዎች የምስሉን ጥራት ዝቅ የሚያደርጉት ምስሉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ግን ረፍዷል። ሲዛኬሌ ገደሉ ከመድረሱ በፊት፣ ኔትወርኩ ሞልቶ እያለ፣ ቀድማ ታወርደዋለች። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ድምፁ ግን አይቆረጥም። ሁለቱ ስልኮቿ የሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ሲም ካርድ አላቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከማል። ከደርባን የሚወጡትን መንገዶች ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፋቸዋለች። «ሸንኮራ አገዳው ካለቀ በኋላ ያለው መታጠፊያ፣ ሁለት ደቂቃ ምንም የለም።» «ማደያው ጋ ሞልቶ ያሳያል፣ ውሸቱን ነው፣ እንዳታምኚው።»

አንድ የማትነካው ሕግም ነበራት። የሷ ስርጭት አይዘገይም። ኔትወርክ ሲደክም ያልተላከው ምስል ስልኩ ውስጥ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ተመልካቹ ያቺን የምትሽከረከር ክብ እያየ ይጠብቅና ሁሉንም ዘግይቶ ያገኛል፣ ወይ የተጠራቀመው ተጥሎ ወደ አሁኑ ይዘለላል። ሲዛኬሌ ዘላይ ነበረች። ድሮ ሠርግ ትቀርጽ በነበረበት ጊዜ ለንደን ያለ የሙሽሪት ወንድም ቃለ መሐላው እስኪያልቅ ያቺን ክብ ብቻ ሲያይ ቆይቶ፣ በኋላ ደውሎ እናቷን ሳይቀር ሰድቧታል። ከዚያ ወዲህ ክቧን ጠላቻት። በወረርሽኙ ጊዜ፣ ቀብር ላይ ከሃምሳ ሰው በላይ አይቁም ሲባል፣ ወደ ለቅሶ ሥራ ስትገባም ይህንኑ ልማድ ይዛ ነው የገባችው። መዝሙር ሃያ ሰከንድ ቢጎድለው ማን ያውቃል? ሰባኪ ግማሽ ደቂቃ ቢጎድልበት ደግሞ የሚመርቃት ይበዛል።

ከለታት አንድ ዓርብ የሲቶሌ ቤተሰብ ጠራት። የሞተው ቤኪሲሳ ይባላል፤ በደርባን ወደብ ዕቃ ጫኝ ነበር፣ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት። ከመሰላል ወድቆ አራት ቀን ሆስፒታል ቆየና አለፈ። የትውልድ መንደሩ ከቱኬላ ወንዝ ማዶ በምሲንጋ በኩል ነው፣ የአራት ሰዓት መንገድ። እናቱ ጎጎ ማዱማ፣ «ጎጎ» አያት ማለት ነው፣ የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ አምስት ወር ሆኗቸዋል፤ ኡምላዚ ውስጥ በሴት ልጃቸው በፊኪሌ ቤት አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሙ እንኳን አራት ሰዓት አራት ደቂቃም መኪና ላይ አይቀመጡም ብሏል።

«ቀብሩን ካሻችሁ አሳዩኝ፣ ካላሻችሁ ተዉት» አሉ ጎጎ ማዱማ፣ ሲዛኬሌ ዋዜማውን ታብሌቱን አልጋቸው ፊት ስታስተካክል። «እኔ የምፈልገው መንገዱን ነው። ልጄን ወደ ቤቱ ሳልሸኘው ተኝቼ ልቀር?»

እኛ የደርባንና የምሲንጋ ሰዎች ዘንድ ሰው ከቤቱ ውጭ ሲሞት ሬሳው ብቻውን አይመጣም። መንፈሱ ከሞተበት ቦታ በቁርቁራ ቅርንጫፍ ተይዞ ይመጣል። ቅርንጫፉን የያዘው ሽማግሌ ለሟቹ በየቦታው ይነግረዋል፤ አሁን ከደጁ እየወጣን ነው፣ አሁን መኪና እንግባ፣ አሁን ወንዝ ልንሻገር ነው። በተለይ ወንዝ። ወንዝ ላይ ያልተነገረው ሰው ከማዶ ይቀራል። ሽማግሌው ደግሞ ቅርንጫፉን ቤት አድርሶ እስኪያስቀምጥ ከሟቹ በቀር ለማንም ቃል አይተነፍስም፤ አይበላም፣ የእግዜር ሰላምታም አይመልስም።

«ወንዝ ላይ ሲነገረው አብሬ ልስማ» አሉ አሮጊቷ። «እናቱ ሳልሰማ ከተሻገረ፣ መሻገሩን በምን አውቃለሁ?»

«ጎጎ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጡ ይቁጠሩት። አንድ ቃል አያመልጥዎትም።»

«አፍሽ ጎበዝ ነው።»

«እጄም ነው፣ ጎጎ።»

ቅርንጫፉን የያዙት የሟቹ አባት ታናሽ ወንድም ባባ ሲቶሌ ናቸው። የከብት ነጋዴ ነበሩ። ወሬ ከጀመሩ ሰው አይጠግባቸውም፣ እሳቸውም አይጠግቡም፤ የዛሬው ዝምታ ከማንም ይልቅ ለሳቸው ነበር የከበደው። ሆስፒታል ሲደርሱ ቤኪሲሳ የሞተበት አልጋ ላይ ሌላ በሽተኛ ተኝቶ አገኙ። ነርሷ ነገሩን ልታስረዳው አፏን ስትከፍት ሰውዬው ቅርንጫፉን አየና ገባው። የግሉኮሱን ገመድ በእጁ ይዞ ወረደና ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባባ ሲቶሌ ቅርንጫፉን ፍራሹ ላይ አሳርፈው «ቤኪሲሳ፣ የሲቶሌ ልጅ፣ ተነስ ወደ ቤት እንሂድ» አሉ። ሲዛኬሌ ከበሩ ጥግ ሆና አስተላለፈችው። ኡምላዚ ያለችው ፊኪሌ በሦስተኛው ስልክ «ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው» አለቻት።

ሬሳው በቀብር አስፈጻሚው መኪና ፊት ፊት ሄደ። የቤተሰቡ ሚኒባስ ተከተለ። ባባ ሲቶሌ መሃለኛው ወንበር ላይ ናቸው፣ ከጎናቸው ያለው ቦታ የቤኪሲሳ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ከኋላቸው ሲዛኬሌ ከነስልኮቿ፣ ከሷ ጎን የሟቹ አክስት ኖማሶንቶ። የሚነዳው ሲፊሶ የሚባል የአክስት ልጅ ነው።

«ሲፊሶ፣ እዚህ ጋ ቀስ በል» አለች ሲዛኬሌ፣ ግሬይታውን የምትባለውን ከተማ እንዳለፉ።

«ማዞንዶ፣ ሬሳው ጥሎን ሊሄድ ነው እኮ» አላት፣ በአባቷ ስም ጠርቶ።

«ይሂድ። አንተ ቀስ።»

«ቤኪሲሳ በሕይወቱ እንዲህ ተጎትቶ አያውቅም» አለች ኖማሶንቶ። «እሱ ቢነዳ ኖሮ ይሄኔ ቀብረነው ተመልሰን ነበር።»

ሲፊሶ ሳቁን አፈነ። የባባ ሲቶሌ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ታየ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም።

ሙኢ ወንዝ ላይ ሁሉም በደንብ ሄደ። ሲዛኬሌ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ምስሉን አወረደችው፣ ባባ ሲቶሌም ተናገሩ፣ ፊኪሌም «እማዬ ሰማች፣ እሺ ተሻገር አለችው» አለች። የሲዛኬሌ ልብ ሞላ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተኮፈሰች።

ከዚያ ቱኬላ መጣ። የቱኬላ ሸለቆ ደብተሯ ላይ ሁለት ገጽ አለው፤ ድንጋዩ ሁለት በኩል ቆሞ አንዱን ስልክ ሙሉ በሙሉ ያፍነዋል፣ ሌላው ግን ወንዙ ዳር ካለችው ከተማ ማማ ይቀበላል። እሱን ታውቃለች። ያላሰበችው ያን ዕለት ገበያ መሆኑን ነው። ድልድዩ አፍ ላይ ሕዝብ ይርመሰመሳል፤ ፍየል ሻጩ፣ ቲማቲም ሻጯ፣ ታክሲ ጠባቂው፣ ሁሉም ስልኩን ይዟል፣ ሁሉም የዚያችኑ ማማ መስመር ይሻማል። ኔትወርኩ እንዳለ ያሳያል፣ የሚያልፍ ነገር ግን የለም። ምስሉ ይጠራቀም ጀመር። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ፣ አርባ። ባባ ሲቶሌ ቅርንጫፉን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው እየተናገሩ ነበር። ሰባ ሰከንድ። ማዶ ሲደርሱ መስመሩ ትንሽ ተነፈሰ፣ የሲዛኬሌም አውራ ጣት እሷን ሳያማክር የለመደውን አደረገ። የተጠራቀመውን ጥሎ ዘለለ።

ሦስተኛው ስልክ ወዲያው ጮኸ።

«ሲስ ሲዛኬሌ፣ ምን ሆናችሁ?» ፊኪሌ ነበረች። «ቁልቁለቱን እየወረዳችሁ ነበር፣ ድንገት ከተማው መሃል ናችሁ። ወንዙ የታለ?»

«ተሻግረናል። ባባ ነግረውታል፣ ሁላችንም ሰምተናል።»

«እማዬ አልሰማችም። ልጄ ከማዶ ቀረ እያለች ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ እንኪ ውሃ ብላት አትመልስልኝም።»

ሲፊሶ መንገዱ ዳር አቆመና ዞረ። «ችግር የለም፣ ልመለስና ድልድዩን እንደገና እንሻገረው።»

«ምን ልትለው ነው?» አለች ኖማሶንቶ። «ተሻገርክ ብለነው ሲያበቃ፣ ቆይ ደግሞ ተመለስ? ሰው እኮ ነው፣ ፍየል አይደለም። ግራ ገብቶት መሃል ውሃ ላይ ይቀራል።»

ሁሉም ባባ ሲቶሌን አዩ። ባባ ሲቶሌ መናገር አይችሉም። መዳፋቸውን አንስተው ወደ ፊት አመለከቱ። አይመለስም ማለት ነው።

«ማዞንዶ፣ ስልክሽ ውስጥ ቅጂው የለም?» አለ ሲፊሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አለ። ሁሉም አለ።»

«በቃ ልቀቂዋ! ዝም ብለሽ ልቀቂውና አሁን ነው በያቸው። ማን ያውቃል?»

ይህን ማድረግ ትችል ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል አሰበችውም። ከዚያ ግን ስልኩን አነሳችና አሮጊቷን አቅርቢልኝ አለች።

«ጎጎ፣ ሲዛኬሌ ነኝ።»

«ልጄን ወንዝ ዳር ጣላችሁት።»

«አልቀረም፣ ጎጎ። ባባ ነግረውታል። እርስዎ ጋ እንዳይደርስ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መስመሩ ሲደክምብኝ የተጠራቀመውን ጣልኩት።»

«ወንዙን ጣልሽው?»

«አዎ። ወንዙን ጣልኩት።»

ሲዛኬሌ አፈረች። በሥራዋ አፍራ አታውቅም ነበር፣ የለንደኑ ሰውዬ ሲሰድባት እንኳ ተናደደች እንጂ አላፈረችም።

«ከቁልቁለቱ ጀምሬ ሁሉንም ልልክልዎ እችላለሁ፤ አንድም ቃል አልጥልም» አለች። «ግን አልዋሽዎትም፣ የሚያዩት ያለፈውን ነው። እኛ ቀድመናል። እርስዎ ከኋላ ነው የሚመጡት።»

«በምን ያህል?»

«አሁን አሥራ አምስት ደቂቃ። ኮረኮንቹ ላይ ኔትወርኩ ይብስበታል፣ ስለዚህ ይጨምራል። ክቧም ትሽከረከራለች፣ ምስሉም ይቆማል።»

«ይቁም። መኪና አይቆምም እንዴ?» አሉ ጎጎ ማዱማ። ቀጥለውም፣ «ያ ልጅ እግር ካወጣ ጀምሮ እኔ ከኋላው ነኝ። ላኪው።»

ሲዛኬሌ ስልኩ የተጠራቀመውን እንዳይጥል፣ ሁሉንም በተራው እንዲልክ አደረገችው። ምስሉን የመጨረሻው ዝቅታ ላይ አወረደችና ለድምፁ ቅድሚያ ሰጠች። ሚኒባሱ ተነሳ። ከድልድዩ እስከ መንደሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ አስፋልቱም ብዙ ሳይቆይ ያልቃል። አንድ ቦታ ኮረብታ ጀርባ ገብተው ስድስት ደቂቃ ምንም አልተላከም፤ በድሮው ልማዷ ቢሆን ይሄኔ ሦስቴ ዘልላ ነበር። ጆሃንስበርግ ያለ የአጎት ልጅ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰዓትሽ ቆሟል?» ብሎ ጻፈባት። ሌላው ክቧን ሥሎ ላከላት። አልመለሰችላቸውም። አውራ ጣቷን ግን ጭኗ ስር አድርጋ ተቀመጠችበት።

ኮረብታው ላይ እየወጡ ሳሉ፣ ክፍት በተተወው በሦስተኛው ስልክ የባባ ሲቶሌ ድምፅ ከኡምላዚ ተመልሶ መጣ። «ቤኪሲሳ፣ ይኸው ቱኬላ። ድልድዩ ላይ ነን። ወደ ኋላ አትይ፣ ና እንሻገር።» ባባ ሲቶሌ የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ ቅርንጫፉን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ቀጥሎ የአሮጊቷ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ተሻገር፣ የኔ ልጅ። እኔም ይኸው ከኋላህ ነኝ።» ኖማሶንቶ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወደ ውጭ አየች።

መንደሩ ሲደርሱ ሴቶቹ ደጅ ላይ እየዘመሩ ተቀበሏቸው። ሳጥኑ ወደ ትልቁ ጎጆ ገባ። ባባ ሲቶሌ ቅርንጫፉን ይዘው ተከተሉ፣ ከጎጆው ጥግ የቀደሙት አባቶች ቦታ ላይ አስቀመጡትና «ቤኪሲሳ፣ ይኸው ቤትህ፣ ይኸው አባትህ፣ ደርሰሃል» አሉ። በግራ በኩል ግድግዳው ስር፣ የሟች እናት የምትቀመጥበት ፍራሽ ባዶውን ተነጥፏል። ኖማሶንቶ ሦስተኛውን ስልክ ከሲዛኬሌ እጅ ወሰደችና ትራሱ ላይ አስቀመጠችው።

ሥርዓቱ አለቀ። ባባ ሲቶሌ ከዚህ በኋላ መናገርም መብላትም ይችላሉ። ከንጋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። አንዲት ሴት ተንበርክካ እርጎ በቅል አቀረበችላቸው፣ «ባባ፣ ደክሞዎታል፣ ይጠጡ» አለች። በእጃቸው ገፋ አደረጉት። አንድ የዕድሜ እኩያቸው መጥቶ መንገዱ እንዴት ነበር ብሎ ጠየቃቸው። አልመለሱለትም። ሰውዬው ወደ ኖማሶንቶ ዞሮ «ምነው፣ ታሟል? ጨርሷል እኮ» አለ።

ኖማሶንቶ ሲዛኬሌን አየች። ሲዛኬሌ ስልኩን አየች። «አርባ አንድ ደቂቃ ይቀራቸዋል» አለች።

«ለማን?»

«ለጎጎ። ገና ኮረብታው ላይ ናቸው።»

ሰውዬው መጀመሪያ አልገባውም፣ ከዚያ ገባውና ባርኔጣውን አውልቆ ባባ ሲቶሌ አጠገብ ተቀመጠ። ወሬው ከሰው ወደ ሰው ሄደ። ውጭ ፍየሉን ሊያርዱ የተዘጋጁት ቢላዋውን አስቀመጡ። ዘማሪዎቹ ድምፃቸውን ቀነሱ፣ በኋላም ተዉት። እርጎው ከባባ ሲቶሌ ፊት ላይ ተቀምጦ ዝንብ ሲያንዣብብበት ሴትየዋ በሣህን ከደነችው። ፍራሹ ላይ ያለው ስልክ የሚኒባሱን ሞተር ድምፅ ያሰማል፤ ጠጠሩን፣ የሲፊሶን ማርሽ፣ ሁለቴ ደግሞ ፊኪሌን፣ «ቆሟል እማዬ፣ ትንሽ ጠብቂ።» አንዴ ለአራት ደቂቃ ምንም አልተሰማም። ማንም አልተነሳም።

ከዚያ ስልኩ ውስጥ ሴቶቹ ደጅ ላይ ሲዘምሩ ተሰማ። እዚያው ጎጆ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች የገዛ ዝማሬያቸውን እየሰሙ አንገታቸውን ደፉ። የባባ ሲቶሌ ድምፅ መጣ። ቤትህ፣ አባትህ፣ ደርሰሃል።

«ደርሰሃል ልጄ» አሉ ጎጎ ማዱማ ከፍራሹ ላይ። «እኔም ደርሻለሁ።»

ባባ ሲቶሌ ሣህኑን ከእርጎው ላይ አነሱ። አንዴ ተጎነጩና ወደ ፍራሹ ዞረው ተቀመጡ።

«ማዱማ» አሉ፤ ከነጋ ለሕያው ሰው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር። «እንኳን በደህና ገባሽ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«አይ፣ ተወኝ» አሉ አሮጊቷ። «ያ ኮረኮንች ወገቤን ቆረጠው።»